በመዝገብ ስሙ ያልተጻፈ እንግዳ

ስለ ስደተኞችና ስለ ሕዝብ ርዳታ የተዘጋጀ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለውን ጊዜ ወርኀ ጽጌ ብላ ሰይማ የእመቤታችንንና የተወደደ ልጅዋን ስደት ታስብበታለች። ካህናቱ ሌሊቱን ማኅሌተ ጽጌን ይቆማሉ፤ ከምእመናንም ብዙዎቹ በፈቃዳቸው ይጾማሉ፤ በኅዳር 6 ቀንም በዓለ ቍስቋም ይከበራል። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት በጎንደር ያሠሩት የደብረ ፀሐይ ቍስቋም ቤተ ክርስቲያን ስሙን ያገኘው ከዚሁ ስደት መታሰቢያ ነው። ጌታችን በሕፃንነቱ ከሄሮድስ ሰይፍ ሸሽቶ ወደ ግብፅ በወረደ ጊዜ (ማቴ. 2፥13-15) የይለፍ ወረቀት አልያዘም፤ ስሙም በግብፅ መዝገብ አልተጻፈም ነበር። እኛ ይህን ስደት አርባ ቀን ያህል በዜማ ስናስብ ቆይተን፣ ከማኅሌት ስንወጣ በደጀ ሰላም ተቀምጦ ያገኘነውን ስደተኛ «ስምህ በየትኛው መዝገብ ተጽፏል?» ብለን ባዶ እጁን ብንሰደው፣ ዝማሬያችን ምን ፍሬ አፈራ ይባላል?

ውድ አንባቢ ሆይ! ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ጥያቄ ይህ ነው፤ ወረቀት የሌለው ስደተኛ ከሕዝብ እህልና ከሕዝብ ገንዘብ ሊካፈል ይገባዋልን ወይስ አይገባውም? ጥያቄው በገበያም፣ በሰንበቴም፣ በቀበሌ ስብሰባም እየተነሣ ወዳጅን ከወዳጅ ሲያለያይ ስላየን፣ መጻሕፍት የሚሉትን በዐቅማችን መርምረን እናቀርባለን።

ነገሩ በሀገራችን እንዴት ተነሣ

ደባርቅና ዳባት ከጎንደር ወደ ትግራይ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙ የደጋ ከተሞች ናቸው። መንገዱ ደባርቅን ካለፈ በኋላ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል። በዚህ አገር ከጥንት ጀምሮ ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ ወደ ዋልድባ የሚወርደው መናኝና መምህር ፍለጋ የሚዞረው ተማሪ ሲመላለሱበት ኖረዋል። ቅዱስ ያሬድም ከአክሱም ወጥቶ የመጨረሻ ዘመኑን በሰሜን ተራሮች እንዳሳለፈ በትውፊታችን የታወቀ ነው። ስለዚህ እንግዳን መቀበል ለሰሜንና ለወገራ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የመሸበት መንገደኛ ከደጃፍ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ካለ፣ ባለቤቱ ከወዴት እንደ መጣ የሚጠይቀው እግሩን ካሳጠበውና እራት ካቀረበለት በኋላ ነው።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ግን የእንግዳው ብዛትም ዐይነቱም ከቀድሞው ልዩ ሆነ። በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወጥተው በደባርቅ ሰፈሩ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ጦርነት ተነሣ። በትግራይ የነበሩት የሽመልባና የሕፃጽ የኤርትራውያን ስደተኞች ጣቢያዎች ፈረሱ፤ በማይ ዓይኒና በዓዲ ሓሩሽ የነበሩትም ስደተኞች በተኩስ መካከል ወደቁ። ለእነዚህ መጠለያ ይሆን ዘንድ በዳባት አጠገብ አለምዋጭ በተባለው ስፍራ አዲስ ጣቢያ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ተቋቋመ፤ ከዚያም በኋላ ከ20 ሺህ በላይ ስደተኞች ተጠለሉበት። በዚያው ወራት ጦርነቱ ወደ ደጃፋችን ደረሰ። ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ የተፈናቀለው ወገናችን ደባርቅንና ዳባትን ሞላ፤ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻም በዳባት ወረዳ በጭና ንጹሐን ሰዎች ተገደሉ። ይህ ኀዘን ገና ሳይደርቅ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናብ ታጣ፤ በጃን አሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ረኃብ ገባ።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ተጨመረ። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የርዳታ እህል ለተራበው ሳይደርስ ያለ አግባብ ተወስዶ ይሸጣል በማለት የአሜሪካ መንግሥት የርዳታ ድርጅትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም በመላው ኢትዮጵያ ስፍሩን አቆሙ። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ስፍሩ እንደ ገና ሲከፈት አስቀድሞ የተከፈተው ለስደተኞች ነበረ፤ የነዋሪው ግን ከዚያ ዘግይቶ መጣ። እንግዲህ በጃን አሞራ ልጆቹ የተራቡበት አባት፣ ስንዴ የጫነ መኪና ወደ ስደተኞች ጣቢያ ሲገባ ባየ ጊዜ «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» ብሎ ቢያማ ጨካኝ ነው ልንለው አይገባንም። ነገሩ ያሳዝናል እንጂ አያስፈርድበትም።

በስደተኛውም በኩል ሌላ ችግር አለ። በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 መሠረት በስደተኝነት የተመዘገበ ሰው መታወቂያ ይሰጠዋል፤ ልጁን ማስተማር፣ መታከምና በሕግ በተወሰነው መንገድ መሥራት ይፈቀድለታል። ነገር ግን ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ከኤርትራ የሚመጣውን ሁሉ በጅምላ በስደተኝነት መቀበል ስለ ቀረ፣ ከዚያ በኋላ ከመጡት ብዙዎች ሳይመዘገቡ ቀሩ። እንዲህ ያለው ሰው ከስደተኞች መዝገብ ውስጥ የለም፤ ነዋሪ ስላልሆነም የቀበሌ መታወቂያ የለውም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ለድኻው ነዋሪ የተሠራው የሴፍቲኔት ርዳታም ሆነ በየወረዳው ያለው የጤና መድን አይደርሰውም። ከሁለቱም መዝገብ ወጥቶ በመካከል የቀረ ነው።

ይህ ክርክር የሚሰማው በእኛ ሀገር ብቻ አይደለም። ልጆቻችን በብዛት በተሰደዱባት በአሜሪካ በነሐሴ 1988 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ያለ ፈቃድ የሚኖረውን ሰው ከአብዛኛው የመንግሥት ድጎማ አግዶታል። ሆኖም ያው ሀገር ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ይዞት ወደ ሆስፒታል የመጣውን ሰው ወረቀት ስለሌለው አይመልሰውም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በሰኔ 1974 ዓ.ም. ወረቀት የሌላቸው ሕፃናት ከሕዝብ ትምህርት ቤት እንዳይከለከሉ ፈርዷል። ሕጉን ያጠበቁትም እንኳ ለሕመምተኛውና ለሕፃኑ በር ትተዋል። እኛም ብንሆን በኅዳር 2006 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ከ160 ሺህ በላይ የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን ወረቀት የላችሁም ተብለው ከሳዑዲ ዐረብ ሲመለሱ አይተናል፤ በቦሌ ወርደው መሬት ሲስሙ አልቅሰናል። እንግዲህ ልጁ በሰው ሀገር ያለ ወረቀት የሚኖር አባት በገዛ ሀገሩ ወረቀት የሌለውን ሰው ሲከለክል ልጁን በምን ዐይን ያስበዋል?

ፈላሲ፣ እጓለ ማውታና መበለት

በግእዝ ፈላሲ የሚባለው ከሀገሩ ፈልሶ በሰው ሀገር የሚኖር ሰው ነው። ነግድ ማለት መንገደኛ ማለት ነው፤ ነገደ ማለት ተጓዘ ማለት ስለ ሆነ። ስደተኛ የምንለው ደግሞ ሌላ ያሳደደው፣ ወዶ ያልወጣው ነው። ኦሪት ፈላሲን ብቻውን አትጠራውም። እግዚአብሔር ለእጓለ ማውታና ለመበለት እንደሚፈርድ ስትናገር ፈላሲን እንደሚወድና ምግብና ልብስ እንደሚሰጠው ታያይዛለች (ዘዳ. 10፥18-19)። የሦስተኛውን ዓመት ዐሥራት ስትደነግግም ሦስቱን በአንድ ማዕድ ታስቀምጣለች (ዘዳ. 14፥28-29)። ይህስ ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ሦስቱም በአደባባይ የሚሟገትላቸው የላቸውምና ነው። አንድም ሦስቱም ርስት የሌላቸው ናቸውና፤ ሕፃኑ ገና አልወረሰም፣ መበለቲቱ የሚያርስላት ባል የላትም፣ ፈላሲው ርስቱ በሌላ ሀገር ቀርቷል። አንድም አንዱን ወድዶ ሌላውን የሚጠላ እንዳይኖር በአንድነት ተቈጠሩ።

ይህ ሦስተኛው ትርጓሜ ለዛሬው ነገራችን ዋነኛ ነው። ዛሬ ሰው የሚከራከረው የሀገሩን መበለት በአንድ ወገን፣ የሰው ሀገሩን ፈላሲ በሌላ ወገን አቁሞ ነው፤ «ለዚያ ከተሰጠ ለዚህች ጐደለ» ይላል። እግዚአብሔር ግን ሁለቱን በአንድ እርሻ ቃርሚያ እንዲለቅሙ አዘዘ። አጫጁ የእርሻውን ዳር አጥርቶ እንዳያጭድ፣ የወደቀውንም እንዳይለቅም ተከለከለ (ዘሌ. 19፥9-10)። ይህ ትእዛዝ የተጻፈው ለባለ እርሻው ነው፤ ጠቡም ከባለ እርሻው ጋር እንጂ ከቃራሚዎቹ እርስ በርስ አይደለም። ቃርሚያው ቢያንስ የሚጠየቀው ዳሩን ሳይቀር ያጨደው ነው።

የሩትን ታሪክ እናስተውል። ሩት መበለት ናት፤ ፈላሲም ናት። በዚያውም ላይ ሞዓባዊት ናት፤ ሞዓባዊም ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ በኦሪት ተጽፎባት ነበር (ዘዳ. 23፥3)። በዛሬው ንግግር ወረቀት የሌላት ሴት ማለት ይህች ናት። ቦዔዝ ወደ እርሻው በመጣ ጊዜ ይህች የማን ናት ብሎ የአጫጆቹን አለቃ ጠይቋል (ሩት 2፥5)። መጠየቁ ነውር አይደለም። ነገር ግን እርስዋ በዚያን ጊዜ ከጧት ጀምራ እየቃረመች ነበር፤ አስቀድማ ለቀመች፣ ኋላ ተጠየቀች። ማንነቷንም በሰማ ጊዜ ጐልማሶቹ እንዳይነኳት አዘዘ፤ ከነዶውም ሆን ብለው እንዲጥሉላት አደረገ። ጥያቄው ለመጠበቅና ለመጨመር ሆነ እንጂ ለመከልከል አልሆነም። ከዚህች ሴት ዳዊት ተወለደ፤ ከዳዊትም ዘር መድኃኔ ዓለም ክርስቶስ በሥጋ ተወለደ።

ስለ መዝገብ

አንዳንዶች ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደው «መዝገብ ምን ያደርጋል? ለመጣው ሁሉ ይሰፈር» ይላሉ። ይህም ቃል የዋህ ይመስላል እንጂ ሥርዐትን ያፈርሳል። ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምራ መዝገብ ነበራት። ዲድስቅልያም ኤጲስ ቆጶሱ ለመበለታት፣ ለእጓለ ማውታ፣ ለድኆችና ለእንግዶች የሚገባቸውን አውቆ እንዲሰጥ ያዝዛል። ሳያውቁ መስጠት ለጮሌው ይጨምራል፤ ዐይነ አፋሩን ያስርባል።

በሐዋርያት ዘመን በኢየሩሳሌም የተነሣው የመጀመሪያው ማጕረምረም ስለ ሃይማኖት አልነበረም፤ ስለ ዕለት ስፍር ነበረ (ሐዋ. 6፥1-6)። ከሌላ ሀገር መጥተው ጽርእ የሚናገሩት አይሁድ መበለቶቻችን በዕለቱ አገልግሎት ተዘነጉ ብለው በሀገሬው ላይ አጕረመረሙ። ሐዋርያት ምን አደረጉ? «እናንተ መጤ ናችሁ፣ ያገሬው ይቅደም» አላሉም። ክርክሩን እንደ ቀላል ነገር ቸል አላሉትም፤ መዝገቡንም አልቀደዱም። ሰባት የታመኑ ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። የሰባቱ ስም ተጽፎልናል፤ ሁሉም የጽርእ ስም ነው። ሕዝቡ የተበደለውን ወገን ቋንቋ የሚያውቁ ሰዎችን በማዕዱ ላይ ሾመ። ሥርዐቱ የተሠራው የተዘነጋው እንዳይዘነጋ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ በመዝገብ የምትጻፈው መበለት ማን እንደ ሆነች ወስኖለታል (1ጢሞ. 5፥9-10)። ዕድሜዋን ቈጠረ፤ ምግባርዋንም ዘረዘረ። ከምግባርዋም አንዱ እንግዶችን መቀበልዋ ነው። ይህን ልብ ብሎ ያነበበ ሰው ይደነቃል። በመዝገብ ለመጻፍ የሚያበቃት በመዝገብ ያልተጻፈውን እንግዳ ያስጠጋች መሆንዋ ነው! መዝገቡ ራሱ ከመዝገብ ውጭ ለቀረው ሰው ምስክር ሆኖ ቆሞለታል።

ይህን ቃል ለብዙ ዘመን ሳስተምር የኖርሁ ስሆን ትርጓሜውን የተረዳሁት ግን በአንዲት ድኻ ሴት ምክንያት ነው። በረኃቡ ዓመት እህል ለማከፋፈል በተቋቋመ አንድ ኮሚቴ ውስጥ ከሽማግሌዎች ጋር ተመርጬ ነበር። ስም እየተጠራ ስንዴው ይሰፈራል። ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ቀርባ ቆመች፤ አነጋገርዋ የትግርኛ ነው። መዝገቡን አገላብጬ «ስምሽ የለም» አልኋት። እርስዋም «አባ፣ ስሜ ከሌለ እኔስ የለሁምን?» አለችኝ። ተራውን የሚጠብቀው ሰው ብዙ ስለ ነበረ ሌላ ስም ጠራሁ። ሴቲቱ ዝቅ ብላ መስቀል አሳልመኝ አለችኝ፤ አሳለምኋት፤ ሄደች። መስቀል አሳልሜ ባዶ እጅዋን ሰደድኋት ማለት ነው።

በማግሥቱ ለኪዳን ስሄድ ሴቲቱን ከነልጅዋ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ካለው መቃብር ቤት አገኘኋት። አጠገብዋ ከጃን አሞራ በረኃብ የተሰደደች አንዲት መበለት ተቀምጣ ንፍሮ ታካፍላታለች፤ ይህችኛይቱ ትናንት ስምዋ ተጠርቶ የተሰፈረላት ናት። ከስንዴዋ እኩሌታውን ለዚያች ሰጥታለች። ለምን እንዲህ እንዳደረገች ብጠይቃት እንዲህ አለችኝ፤ «መምሬ፣ እኔ ከጃን አሞራ ስመጣ ስሜን የጻፉት በሦስተኛው ሳምንት ነው። እስከዚያው ድረስ ያበላችኝ ስሜን ያልጠየቀችኝ ሴት ናት።» ያን ጊዜ የጢሞቴዎስ መልእክት በፊቴ ተነበበ። በመዝገብ የተጻፈ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ያልተጻፈ እንደ ነበረ እኔ ዘንግቼዋለሁ፤ እርስዋ አልዘነጋችውም።

መዘንጋት የማይገባኝ ሰው ነበርሁ። በ1977 ዓ.ም. በታላቁ ድርቅ ጊዜ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቼ በጎጃም ቅኔ እማር ነበር። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብዬ ደጃፍ ስቆም ውሻ ነክሶኛል፤ ከዚህ ጨርሶ የሰጠኝም ጥቂት ሰው ነው። ነገር ግን የማን ልጅ ነህ፣ ከየትኛው አውራጃ መጣህ ብሎ የከለከለኝ አንድ ሰው እንኳ አላስታውስም። በዚያው ዓመት ከሰሜኑ የሀገራችን ክፍል እጅግ ብዙ ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ወደ ሱዳን ወርዶ በገዳሪፍ በኩል ተጠልሏል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ራስዋ በጦርነት ስትታመስ ሰዎችዋ በመተማ በኩል ወደ እኛ መጡ። አስጠጊው ተጠጊ ሆነ፤ ይህም ዓለም እንዲህ ተገላባጭ መሆኑን ያስረዳል።

ስለሚነሡት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው፣ «ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ ከማያምን ሰው የከፋ ነው ተብሏልና (1ጢሞ. 5፥8) የራሳችን ድኻ ይቅደም» የሚል ነው። ቃሉ እውነት ነው፤ ፍቅር ከቤት ይጀምራል። ነገር ግን ይቅደም ማለትና ብቻውን ይብላ ማለት አንድ አይደለም። ሐዋርያው ይህን በተናገረበት ምዕራፍ ውስጥ እንግዳ የተቀበለችውን አመስግኗል። የሀገሬው ድኻ ተበድሏል የሚባል ከሆነ፣ ሊባልም ይችላል፣ አቤቱታው እህሉን ለሚያዝዘውና ለሚያከፋፍለው ይቅረብ እንጂ በስደተኛው ላይ አይውረድ። ለስደተኛ የሚሠራው ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የውኃ ቧንቧ አስጠጊውን ገበሬም ያገልግል ብሎ መጠየቅ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መሬቱንና እንጨቱን ያካፈለው እርሱ ነውና። ከስደተኛው ይነጠቅ ማለት ግን የሀገሬውን ድኻ አያጠግበውም።

ሁለተኛው፣ «ያለ ፈቃድ የገባ ሰው ሕግ ጥሷልና አይገባውም» የሚል ነው። ለሥልጣን መታዘዝ ታዝዟል (ሮሜ 13፥1)፤ የገባውንም መርምሮ የማቆየትና የመመለስ ሥልጣን የመንግሥት ነው፤ በዚህ ካህን አይገባበትም። ሆኖም ሕጉ ራሱ የሚለውን እንወቅ። በ1943 ዓ.ም. በጄኔቭ የተፈረመው፣ ኢትዮጵያም በ1962 ዓ.ም. የገባችበት የስደተኞች ስምምነት ከሞት የሸሸ ሰው ሳይፈቀድለት ስለ ገባ ብቻ እንዳይቀጣ፣ ፈጥኖም ራሱን ለሹማምንት እንዲያስታውቅ ይደነግጋል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የራሱን የስደተኞች ስምምነት የተፈራረመውም በአዲስ አበባችን በጳጉሜን 1961 ዓ.ም. ነው። ደግሞስ ጥፋት ቢኖርበት ዳኛ ይፍረድበት፤ ረኃብ ግን ቅጣት ሆኖ በየትኛው ሕግ ተጻፈ? በእስር ያለ ወንበዴ እንኳ ይመገባል። ጌታችንም በመጨረሻው ቀን ስለ ራሱ ሲናገር እንግዳውን ከታሰረው ጋር ቈጥሮታል (ማቴ. 25፥35-36)።

ሦስተኛው፣ «ሊሠራ የማይወድ አይብላ ተብሏል (2ተሰ. 3፥10)፤ ስፍሩንም ተቀብለው ይሸጡታል» የሚል ነው። ሐዋርያው የተናገረው ስለማይወድ ሰው ነው፤ ስላልተፈቀደለት ሰው አይደለም። መታወቂያ የሌለውን ሰው የሚቀጥረው የለም፤ ቢቀጥረውም ደመወዙን ቢከለክለው የሚከስበት ስፍራ የለውም። እንዲህ ያለውን ሰው ሥራ ከልክሎ ኋላ ሰነፍ ብሎ መስደብ ግፍ ነው። ስፍር መሸጡንም ብንመረምር፣ በ2015 ዓ.ም. የመላውን ሀገር ርዳታ ያስቆመው አንዲት እናት ዘይት ለመግዛት የሸጠችው አንድ ቁና ስንዴ አልነበረም። በብዙ ኩንታል የሚነግድ ሌላ ነበረ፤ ያም ወረቀት የሌለው ሰው አይደለም።

በመንገድ ላይ ስለ ቆመው ሐሜተኛ

አባታችን አብርሃም እንግዳ ሳይቀበል እንዳይበላ ልማዱ ነበረና፣ ጠላት ዲያብሎስ ቀንቶ ራሱን ፈንክቶ ከመንገድ ላይ ቆመ፤ ለሚያልፈውም ሁሉ «አብርሃም ደግነቱን ትቷል፤ ይኸው ደብድቦኝ ነው» እያለ መንገደኛውን መለሰበት ብለው አባቶቻችን ያስተምራሉ። አብርሃም ሦስት ቀን እንግዳ አጥቶ ሳይበላ ከሰነበተ በኋላ ሥላሴ በእንግድነት መጡለት (ዘፍ. 18)። በዚህ ታሪክ ሐሜተኛው የቆመው በአብርሃም ቤትና በእንግዳው መካከል ነው። ዛሬም አንዱን ሕዝብ ከሌላው የሚያጋጭ ወሬ በእጅ ስልክ ሲተላለፍ፣ «ስደተኞቹ ሰላዮች ናቸው፣ ሌቦች ናቸው፣ ያንተን እህል በሉ» ሲባል ያ የተፈነከተው ቆሞ እንደሚናገር ልናውቅ ይገባናል። በአለምዋጭ ጣቢያና በዙሪያው ስደተኞች መዘረፋቸውና መገደላቸው በይፋ ተነግሯል፤ የሰው ደም የሚፈሰው አስቀድሞ በአፍ ከተፈረደበት በኋላ ነው። በደል የፈጸመ ስደተኛ ቢኖር እርሱ በስሙ ይከሰስ፤ ሕዝብ በጅምላ አይከሰስ። ጭና ላይ ሕዝብን በጅምላ መጥላት ምን እንደሚያፈራ ያየን እኛ ይህን ለሌላ ልናስተምር እንጂ ከሌላ ልንማር አይገባንም ነበር።

ደግሞም «ኤርትራውያኑ ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ናቸውና እንርዳቸው» የሚል ሰው ቢኖር ደግ ብሏል፤ ነገር ግን በዚህ አይቁም። ቅዳሴያችን አንድ መሆኑ ፍቅራችንን ያጸናዋል እንጂ አይወስነውም። በ7ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከመካ ተሰድደው የመጡትን እስላሞች የአክሱም ንጉሥ ሲያስጠጋቸው ሃይማኖታቸው ከእርሱ ሃይማኖት ልዩ ነበረ፤ አሳዳጆቻቸው መልሰህ ስጠን ብለው ቢልኩበትም አሳልፎ አልሰጣቸውም። ይህ ታሪክ እስከ ዛሬ ድረስ ለሀገራችን ክብር ሆኖ ይነገራል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የመንግሥትና የድርጅት እህል በመዝገብ ይሰፈራልና ካህን በኮሚቴ ሲመረጥ መዝገቡን በእውነት ይጠብቅ፤ ዘመዱን አያስገባ፣ የሞተን ሰው ስም አያስጠራ። ስሙ ያልተጻፈ ሰው ሲመጣም «የለህም» ብሎ አይስደደው፤ ወደሚመዘገብበት ስፍራ ይምራው፣ ስለሚያውቀውም ይመስክርለት። ልጁ በደብራችን ተጠምቆ ከሆነ የጥምቀት ምስክር ወረቀት ሳይዘገይ ይጻፍለት።

ሁለተኛ፣ የቤተ ክርስቲያን ማዕድ ግን ከመዝገብ የሰፋ ነው። ሰንበቴው፣ የጽዋው ማኅበር፣ የተዝካሩ ድግስ መታወቂያ አይጠየቅባቸውም። በእኛ ሰንበቴ ከዚያ ነገር በኋላ ስሙ ላልተጻፈው ሰው አንድ ቁና እህል ለብቻው እንዲቀመጥ ተስማምተናል። ሁሉም በአንድ ልብ አልተስማሙም፤ አንድ ሽማግሌ «ዛሬ አንድ ብትሰጡ ነገ መቶ ይመጣል» ብለው ተከራክረዋል፤ ነገራቸውም ከንቱ አይደለም። ቁናው ባዶ የሆነበት እሑድ አለና። ባዶ በሆነበት ቀን ከየቤታችን እንጀራ አምጥተናል፤ ያም ባልበቃበት ቀን ከእንግዳው ጋር አብረን ጥቂት በልተናል።

ሦስተኛ፣ ከሕመምተኛውና ከሕፃኑ ላይ እጃችንን አናንሣ። የጤና ባለሙያውም ሆነ መምህሩ ከምእመናን ወገን ነው፤ የንስሐ አባቱ ይህን ይምከረው። ሕፃን የአባቱን ወረቀት አልጣለም።

አራተኛ፣ ዕድር የሌለው ስደተኛ ሲሞት ፍትሐቱና መቃብሩ እንዳይጐድልበት ካህናት ኀላፊዎች ነን። እስከ ዛሬ ድረስ ለሞተ እንግዳ መሬት የከለከለ ደብር በሀገራችን አልሰማሁም። ለሞተው ሦስት ክንድ መሬት የማንነሣ ሰዎች፣ ሕያው ሳለ አንድ ቁና እህል ብንነሣው በምን ሥርዐት ልክ ይሆንልናል?

ያችን ሴት ከዚያ በኋላ ወደ ጎንደር ሄደች ሲሉ ሰማሁ እንጂ ዳግመኛ አላየኋትም። ስምዋንም አላውቀውም፤ በመዝገቡ የለም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። በቅዳሴ ጊዜ ስለ መንገደኞች ስንጸልይ ግን እርስዋን አስባለሁ። በሰው መዝገብ ስሙ ያልተገኘውን ሁሉ በሕይወት መጽሐፍ የሚያውቅ አምላክ በዚያን ቀን የእኛን ስም ሲፈልግ እንዲያገኘው፣ ዛሬ የእንግዳውን እጅ ባዶውን እንዳንሰደው ማስተዋልን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።